በ6/8 ለሚሠራ ሰው የትኛው ሳምፕለር ይሻላል? ዲጂታክት፣ ኤምፒሲ ዋን ወይስ ኤስፒ-404?

እመቤት ሉፕ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እስካሁን ሙዚቃ የምሠራው በላፕቶፕ ነው። አሁን ግን መድረክ ላይ ይዤው የምወጣ፣ ያለ ኮምፒውተር ራሱን ችሎ የሚሠራ ሳምፕለር (የተቀዳ ድምፅ ይዞ በቁልፍ የሚያጫውት መሣሪያ) መግዛት እፈልጋለሁ። ላፕቶፑ ለማጠናቀቂያ ይቆይልኝ። ስጫወት ግን ዓይኔ ስክሪን ላይ ሲተከል ጆሮዬ ይሰንፋል።

ዋናው ጉዳዬ ይኼ ነው፤ ከምሠራቸው ምቶች አብዛኞቹ 6/8 (ሦስት ሦስት እየተባሉ የሚቆጠሩ) ናቸው። ራሴ የቀዳኋቸው የእጅ ከበሮ፣ የጭብጨባና የድምፄ ቅጂዎች አሉኝ። ስለ መሣሪያዎቹ የማያቸው ቪዲዮዎች ግን ሁሉም 16 ቁልፍ፣ ሁሉም 4/4 ናቸው። ኪኩን (ወፍራሙን የከበሮ ምት) 1፣ 5፣ 9 እና 13 ላይ ያስቀምጡና በቃ። እኔ ሦስት ሦስት እየቆጠርኩ እዚያ ላይ እንዴት ነው የምሠራው?

ከአንዱ ዘፈን ወደ ሌላው ድምፁ ሳይቋረጥ ማለፍም እፈልጋለሁ። ለቤዝ የምጠቀምበት ትንሽ ሲንተሳይዘር ስላለኝ መሣሪያው እሱን በሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያዎች እርስ በርስ የሚተዛዘዙበት ግንኙነት) ማዘዝ መቻል አለበት። ያሰብኳቸው ዲጂታክት (የመጀመሪያው)፣ ኤምፒሲ ዋን እና ኤስፒ-404 ማርክ 2 ናቸው። ያገለገለም ቢሆን ግድ የለኝም። በእጃችሁ የሠራችሁባቸው ካላችሁ ንገሩኝ።

ባለፓድ፦

እህቴ፣ 404ን ውሰጂ። ማይክ በቀጥታ ይሰካበታል፣ በ6 ተራ የባትሪ ድንጋይ ይሠራል፣ ኤፌክቶቹ ደግሞ እጅ ውስጥ የሚገቡ ናቸው። ስኪፕ ባክ የሚሉት ነገር አለው፤ ሬከርድ ሳትጫኚ የተጫወትሽውን ወደ ኋላ ተመልሶ ይይዝልሻል። ድምፅሽን ትቀጃለሽ፣ በኤፌክት ታሳልፊዋለሽ፣ የወጣውን መልሰሽ ትቀጃለሽ። እኔ ሙሉ ሥራዬን በዚህ መንገድ ነው የምሠራው። ሌላ ሲንተሳይዘር ማዘዙ ላይ ግን ያን ያህል ጠንካራ ነው ብዬ አልዋሽሽም።

ጥቁር ኬብል፦

ባለፓድ ስለ 404 የተናገረው ልክ ነው፤ ድምፅ ለመያዝና ለመለወጥ እኔም እወደዋለሁ። የእመቤት ጥያቄ ግን የምት ጥያቄ ነው። ስለዚህ የሜሞሪውን መጠንና የኤፌክቱን ብዛት ለጊዜው ትተሽ አንድ ነገር ብቻ ተመልከቺ፦ ምቱን ወደ መሣሪያው የምታስገቢው እየተጫወትሽ ነው ወይስ ቁልፍ በቁልፍ እያስቀመጥሽ? በእኔ እምነት የሲኩዌንሰር (ምቱን መዝግቦ መልሶ የሚያጫውተው ክፍል) ምርጫ ከዚህ ይጀምራል።

ኤምፒሲ ላይ ትጫወቻለሽ። ሬከርድ ትጫኛለሽ፣ ሜትሮኖሙ ይቆጥራል፣ ፓዱን ትመቻለሽ፣ እሱ ይመዘግባል። የአሁኖቹ ኤምፒሲዎች አንዱን ሩብ ኖታ በ960 ይከፋፍሉታል። በ120 ቢፒኤም (በደቂቃ 120 ምት) ሩብ ኖታ ግማሽ ሰከንድ ስለሆነ፣ አንዱ ክፍል ከግማሽ ሚሊሰከንድ እምብዛም አይበልጥም። እጅሽ ትንሽ የዘገየበት ቦታ እንደዘገየ ይቀመጣል ማለት ነው። የሴኩዌንሱን (የተመዘገበውን ምት) ታይም ሲግኔቸር 6/8 ስታደርጊው ሜትሮኖሙም በዚያው ይቆጥርልሻል፣ ኳንታይዙን (ምቶቹን ወደ ልክ ቦታቸው የሚስበውን) 1/8 ላይ ማድረግ ብቻ ይበቃሻል። ፓዶቹ 16 ቢሆኑም ከምት አቆጣጠሩ ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም፤ እዚያ 16 ማለት 16 የተለያዩ ድምፆች ማለት ነው።

ዲጂታክት ላይ ደግሞ ትጽፊያለሽ። እየተጫወቱ መቅዳትም ይቻላል፣ ትንንሹን መዘግየትም ይይዛል፤ ነገር ግን ማሽኑ የተሠራው ከታች ለተደረደሩት 16 ስቴፖች (የምት ቦታዎች) ነው። አንዱን ስቴፕ ተጭነሽ ይዘሽ አዟሪውን ስታዞሪ፣ ለዚያ ስቴፕ ብቻ ቃናው፣ ፊልተሩ፣ የድምፁ ከፍታ፣ ሳምፕሉ ራሱ ሳይቀር ይቀየራል። ይኼ የዲጂታክት ትልቁ ጉልበት ነው።

ሦስት ሦስት መቁጠሩ እዚያም ይቻላል። በመደበኛ ፍጥነት 16 ስቴፕ አንድ የ4/4 ባር ነው። የፓተርኑን (በስቴፖቹ ላይ የጻፍሽውን ምት) ስኬል፣ ማለትም ፍጥነቱን፣ ወደ 3/4 አውርጂውና ርዝመቱን 12 አድርጊው። 12ቱ ስቴፕ ቀድሞ 16ቱ ይወስዱት የነበረውን ጊዜ በትክክል ይወስዳሉ፤ በ120 ቢፒኤም ሁለቱም 2 ሰከንድ ናቸው። ቴምፖውን ሳትነኪ አራት ምት፣ እያንዳንዱ ውስጥ ሦስት ሦስት አገኘሽ። ከበሮሽን 1፣ 4፣ 7 እና 10 ላይ ስታስቀምጪ ዋናው ምት ነው። ጭብጨባውን ግን በየ4 ስቴፑ፣ ማለትም 1፣ 5 እና 9 ላይ አድርጊው፤ በአራቱ ምት ላይ ሦስት ምት ይጋልባል። ሦስትና ሁለት የሚሳሳቡበትን ያን የ6/8 ስሜት በሁለት መስመር ታገኚዋለሽ ማለት ነው። 4/4ን ብቻ ለሚያስብ ሰው ይህ ተንኮል ሊመስለው ይችላል። ለእኛ ግን መነሻችን ነው።

ርዝመቱን እስከ 64 ስቴፕ መውሰድ ይቻላል፤ ነገር ግን 64 ለ12 አይካፈልም። 48 ላይ አቁሚው። አራት ዙር ይይዛል፣ በትክክል 3 ገጽ ይሞላል። የዙሮቹ መነሻ መጀመሪያው ገጽ ላይ ቁልፍ 1 እና 13፣ ሁለተኛው ላይ 9፣ ሦስተኛው ላይ 5 ናቸው። እነዚህን አራት ቁልፎች በትንሽ ባለቀለም ቴፕ ምልክት አድርጊባቸው። መብራቱ በደበዘዘ መድረክ ላይ ዙሩ ከየት እንደሚነሳ ሳታስቢ ታውቂዋለሽ።

የትኛውንም ብትገዢ ስለ ከበሮ ቅጂዎችሽ ሁለት ነገር ልበልሽ። የቅጂውን መነሻ አጥብቀሽ ቁረጪ። ከምቱ በፊት 10 ሚሊሰከንድ ዝምታ ከቀረ፣ ሲኩዌንሰሩ በሰዓቱ ቢጫወተውም ጆሮሽ የሚሰማው ዘግይቶ ነው፤ ሰው ያኔ ሰዓቱን ይወቅሳል፣ ጥፋቱ ግን ከቅጂው ነው። ሁለተኛው፣ አንድ ምት ቀድተሽ ከፍና ዝቅ እያደረግሽ አትጠቀሚበት። ከበሮ በኃይል ሲመታ ድምፁ መጨመሩ ብቻ አይደለም፣ ጠባዩም ይለወጣል። ለስላሳውን፣ መካከለኛውን፣ ጠንካራውን፣ የጠርዙን ለየብቻ ቅጂያቸው። ዲጂታክት ላይ በአንድ ትራክ ውስጥ ስቴፕ በስቴፕ ታቀያይሪያቸዋለሽ፤ ኤምፒሲ ላይ ደግሞ በአንድ ፓድ ላይ ደራርበሽ በምትመቺው ኃይል ልክ እንዲመረጡ ታደርጊያለሽ።

ዘፈን ሳይቋረጥ ስለማለፍ፤ ዲጂታክት ላይ ቀጣዩን ፓተርን አስቀድመሽ ትመርጫለሽ፣ ያለው ሲያልቅ ይገባል። በአንድ ፕሮጀክት 128 ፓተርን አለ፣ እያንዳንዱም የራሱን ድምፅ ይዞ ይመጣል። ፈንክሽንና የስ የሚባሉትን ቁልፎች አብረሽ ስትጫኚ ያለሽበትን ሁኔታ ይይዘዋል፤ ከዚያ እንደፈለግሽ አበላሺው፣ ፈንክሽንና ኖ ወደያዘው ይመልስሻል። መድረክ ላይ ከዚህ የሚበልጥ ድፍረት የሚሰጥ ነገር አላውቅም። ኤምፒሲ ላይ ግን የምትጫወቻቸውን ዘፈኖች በሙሉ በአንድ ፕሮጀክት ውስጥ በተለያዩ ሴኩዌንሶች አድርገሽ ውጪ እንጂ፣ መሀል ላይ ሌላ ፕሮጀክት ለመክፈት አትሞክሪ።

እኔ መድረክ የምወጣው በዲጂታክት ነው። ለአንቺ ግን የምመርጠው ኤምፒሲ ዋንን ነው። ከበሮውን በእጅሽ መተሽ የቀዳሽ ሰው ነሽ፤ ጊዜሽ እጅሽ ውስጥ አለ። ረጅም የድምፅ ቅጂም ስላለሽ፣ 2 ጊጋባይት ሜሞሪውና ድምፅ በቀጥታ የሚቀዳባቸው 8 ትራኮቹ ያገለግሉሻል። የመጀመሪያው ዲጂታክት ሳምፕል የሚይዘው በሞኖ ብቻ ነው፤ ለከበሮ ጉዳት የለውም፣ በስቴሪዮ ለተቀዳ ድምፅ ግን ያጎድላል። አንድ ማሳሰቢያ፦ የኤምፒሲ ዋን መግቢያ ለላይን ሲግናል ነው። ማይክ ስትሰኪ ፕሪአምፕ (የማይኩን ደካማ ሲግናል የሚያጎላ መሣሪያ) ያስፈልግሻል።

አሮጌ ዲስክ፦

ጥቁር ኬብል በደንብ አስረድቷል። አንድ ቦታ ላይ ግን አልስማማም፤ 960 የሚለው ቁጥር ያን ያህል ሚዛን አይደፋም። ሮጀር ሊን የነደፈው ኤምፒሲ60 በ1988 ሲወጣ ሩብ ኖታን የሚከፋፍለው በ96 ብቻ ነበር። በ120 ቢፒኤም ይኼ 5 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ሆኖም እስከ ዛሬ ምቱ የሚወደስለት ማሽን ነው። ስሜቱን የሚያመጣው የት ቦታ ምን ያህል እንደምትዘገዪ ነው፣ ክፍፍሉ አይደለም።

ከዚሁ ጋር ማንም የማያነሳው ነገር አለ፤ እመቤት፣ በ6/8 ስትሠሪ ስዊንጉን አትንኪው፣ 50 ላይ ተይው። ስዊንግ የተሠራው ሁለት ሁለት ለሚቆጠር ምት ነው። የሚያዘገየው ጥንዱን፣ 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 6ኛውን ስቴፕ ነው። ሦስት ሦስት ስትቆጥሪ የመጀመሪያው ቡድን መሀሉ ብቻ ይዘገያል፤ የሁለተኛው ቡድን ግን መነሻውና መጨረሻው ይዘገያሉ። ዋናው ምት ራሱ ተፈናቀለ ማለት ነው! ፓተርኑ ያነክሳል፣ ምክንያቱንም ፈልገሽ አታገኚውም። ከዚያ ይልቅ ከሦስቱ የመጨረሻውን፣ 3ኛውንና 6ኛውን፣ በእጅ ትንሽ ወደ ኋላ ግፊው። ዲጂታክት ላይ ስቴፑን ይዞ በቀስት ነው፤ ኤምፒሲ ላይ ያለ ኳንታይዝ ተጫወችና የወደድሽውን አስቀሪ።

ስለ ሜሞሪ የምትጨነቁ ሰዎች ደግሞ ይህን አስቡ። ኢ-ሙ የተባለው ኩባንያ በ1987 ያወጣው ኤስፒ-1200 ሳምፕለር በ12 ቢት፣ በ26.04 ኪሎኸርዝ የሚይዘው በጠቅላላው 10 ሰከንድ ገደማ ነበር። ሰዎች በደቂቃ ለ33 ዙር የተሠራውን ሸክላ በ45 ዙር እያጫወቱ ይቀዱና በማሽኑ ውስጥ ቃናውን መልሰው ያወርዱት ነበር፤ ከ10 ሰከንዱ 13 ሰከንድ ተኩል ያተርፋሉ። ቃናው ሲወርድ የሚመጣው ሻካራነት የዘመኑ ሂፕሆፕ መልክ ሆነ። የዲጂታክት 64 ሜጋባይት በሞኖ ከ11 ደቂቃ በላይ ይይዛል። ለከበሮ ሞልቶ የተረፈ ነው።

እመቤት ሉፕ፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የስዊንጉ ነገር በላፕቶፑም ላይ የሚገጥመኝን መፈናቀል ገለጠልኝ። ወደ ኤምፒሲ ዋን አድልቻለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፤ ሲንተሳይዘሬ የራሱ ባለ16 ስቴፕ ሲኩዌንሰር አለው፣ የሚዲ መግቢያው ደግሞ እንደ ጆሮ ማዳመጫ ያለ ትንሽ ቀዳዳ ነው። ማን ማንን ይምራ?

ጥቁር ኬብል፦

ኤምፒሲው ይምራ። የሚዲ ክሎክ በአንድ ሩብ ኖታ 24 ጊዜ የሚላክ ምልክት ነው። 4/4 ይሁን 6/8 የሚያውቀው ነገር የለም፣ ይቆጥራል ብቻ። 24 ደግሞ ለ3ም ለ4ም ይካፈላል፤ ስለዚህ ትሪፕሌት (ሦስት ሦስት የሚከፈል ምት) ላይ የሚንሸራተት ነገር አይኖርም። የሲንቱን ሲኩዌንሰር መጠቀም ካማረሽ ርዝመቱን 12 አድርጊው። እኔ ብሆን ግን የቤዙንም ኖታ ከኤምፒሲው እልካለሁ፤ አንድ ሴኩዌንስ ስትቀይሪ ቤዙም አብሮ ይቀየራል። በሁለቱም ላይ የሚዲ ቻናሉን አንድ ዓይነት ማድረግ አትርሺ። ኖታውንም ከኤምፒሲ የምትልኪ ከሆነ የሲንቱ ሲኩዌንሰር ስታርት የሚለው ትእዛዝ ሲደርሰው አብሮ እንዳይነሳ ባዶ አድርጊው።

ለኬብሉ፤ ኤምፒሲ ዋን ባለ5 ፒኑን የድሮውን የሚዲ ሶኬት ነው የያዘው፣ ስለዚህ ማገናኛ ትፈልጊያለሽ። ትንሿ ቀዳዳ ሁለት ዓይነት አሠራር አላት፣ ታይፕ ኤ እና ታይፕ ቢ ይባላሉ። ሽቦዎቹ የተገናኙት በተለያየ መንገድ ነው። ከ2018 ጀምሮ ደረጃው ታይፕ ኤ ቢሆንም ከዚያ በፊት የወጡ መሣሪያዎች ላይ ቢ ይገኛል። መሰኪያው ልክ ገብቶ ምንም ድምፅ ከሌለ መጀመሪያ የምትጠረጥሪው ይህን ይሁን። የሲንቱ መመሪያ ላይ የትኛው እንደሆነ ተጽፎ ታገኚዋለሽ።

ያገለገለ ልትገዢ ከሆነ የራስሽን የከበሮ ቅጂዎች በዌቭ ፋይል ኤስዲ ካርድ ላይ ይዘሽ ሂጂ። 16ቱም ፓድ ላይ አንድ ዓይነት ድምፅ ጫኚና እያንዳንዱን በጣት ጫፍ ቀስ አድርገሽ ንኪ። ቶሎ የሚደክሙት ፓዶች ናቸው፤ ቀስ ሲነኩ ዝም የሚሉ ወይም አንዴ ሲመቱ ሁለቴ የሚጮኹ ካሉ ዋጋውን ከመነጋገርሽ በፊት ይታወቅ።