ኦርኪዴ ተልፈስፍሷል፣ ዘንጉን ከየት ልቁረጠው?

ፅጌ፦ ወገኖቼ ቶሎ ድረሱልኝ! የኦርኪዴ አበባ ረግፎ አለቀ፣ ቅጠሎቹም ተሸብሽበው ተልፈሰፈሱ። ውሃ ጠምቶት ነው ብዬ በየቀኑ ባጠጣው ጭራሽ ባሰበት። አሁን መቀስ ይዣለሁ። የአበባውን ዘንግ ከየት ልቁረጥ? ወደ ውጭ የተንጠለጠሉትን ሥሮችስ ልከርክማቸው?

ጤናዳም፦ እህቴ፣ መቀሱን ለጊዜው አስቀምጪው። ቅጠሉ ሰፊ ነው ጠባብ? ሸክላው ከታች ቀዳዳ አለው?

እንሶስላ፦ ሰፊ ከሆነ ፋላኖፕሲስ የሚባለው የኦርኪድ ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። ይህ ተክል በተፈጥሮው አፈር ውስጥ አይኖርም፤ በእስያ ሞቃት ደኖች ዛፍ ላይ ተጣብቆ ነው የሚያድገው። ሥሩን የሸፈነው ነጭ ልባስ እንደ ስፖንጅ ዝናቡን ይመጥጥና ነፋስ ያደርቀዋል። ሁልጊዜ እርጥብ ከሆነ አየር ያጣል፣ ይበሰብሳል። በአፈር የተከለው ሰው ካለ ዛሬውኑ ያውጣው!

አደስ፦ በሳምንት አንዴ፣ እሑድ እሑድ አጠጪው። በቃ።

ግራዋ፦ ኦርኪድ ቀን ተቆጥሮ አይጠጣም። ሥሩን እዪ፤ አረንጓዴ ከሆነ ውሃ አለው፣ ወደ ብርማ ግራጫ ሲለወጥ አጠጪ። ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ይቆያል፤ ሙቀት ሲበዛ ያጥራል።

ፅጌ፦ ሰፊ ቅጠል ነው። ቀዳዳ ያለውን የፕላስቲክ መትከያ ቀዳዳ በሌለው ጌጠኛ ሸክላ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። አሁን ሳነሣው ታች ሁለት ጣት ውሃ ተኝቶበታል!

ጤናዳም፦ ጉዳዩ ይኸው ነው፣ ጥም አይደለም። ሥሩ በስብሶ ውሃ መሳብ ስላቃተው ነው ቅጠሉ የተጠማ የሚመስለው። አውጪና ሥሩን ለብ ባለ ውሃ እጠቢው፤ አንድ በአንድ በጣትሽ ጫን እያልሽ እዪ። ጠንካራው ሕያው ነው። የሚላቁጠውን፣ ልባሱ ወልቆ ክር ብቻ የሚቀረውን ቁረጪ። መቀሱን አስቀድመሽ በ70 በመቶ አልኮል ጥረጊው፤ በሽታ በመቀስ ከተክል ወደ ተክል ይተላለፋል። ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ሰዓት ተይውና ሥሩን ልክ በሚይዝ ፕላስቲክ፣ በአዲስ የዛፍ ቅርፊት ትከዪው። ለ2 ቀን ውሃ አትስጪው። ከዚያ 10 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ነክረሽ ሙሉ በሙሉ ካንጠፈጠፍሽ በኋላ ብቻ ወደ ሸክላው መልሺው።

አደስ፦ ቁስሉ ላይ ቀረፋ ነስንሺበት።

ግራዋ፦ ቀረፋ ሕያው ሥር ላይ ካረፈ ያደርቀዋል፤ የዘንግ ቁስል ላይ ብቻ ይሁን። የተንጠለጠሉትን ሥሮች ደግሞ ጠንካራ እስከሆኑ ድረስ አትንኪ፤ አሁን ተክሉን በሕይወት ያቆዩት እነሱ ሊሆኑ ይችላሉ።

እንሶስላ፦ ውሃ ቅጠሎቹ መሃል ላይ ከቆመ በወረቀት ምጠጪው። እምብርቱ ከበሰበሰ ከዚያ ቦታ አዲስ ቅጠል አይወጣም።

ፅጌ፦ ዘንጉ ግን አረንጓዴ ነው እኮ። ያሳዝናል።

አደስ፦ አረንጓዴ ከሆነ ከታች ሁለተኛውን አንጓ ቆጥረሽ፣ ከሱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብለሽ ቁረጪ። ከአንጓው ሌላ ዘንግ ሊወጣ ይችላል።

ጤናዳም፦ አደስ ያልከው ለጤነኛ ተክል ልክ ነው። ይህ ግን ሥር አጥቷል፤ ያለውን ጉልበት ለአበባ ካዋለው ሥር ማውጫ አይኖረውም። 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ አስቀርተሽ ከግርጌው ቁረጪው። ማዳበሪያም አዲስ ሥር እስኪያወጣ ይቆይ። የተሸበሸበው ቅጠል መልሶ ባይወጠር አትደንግጪ፤ ማገገሙን የሚነግርሽ አረንጓዴ ጫፍ ያለው አዲስ ሥር ነው።

እንሶስላ፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው፣ ሥሩን አስቀድሚ።

ግራዋ፦ ፅጌ፣ ስታጥቢው ስንት ጠንካራ ሥር ተረፈ? ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ከሆነ አተካከሉ ይለያል።