ነገ 6 ሰዓት ተኩል ላይ የንባብ ቡድናችን ሊፈርስ ነው፤ ምን ላድርግ?

የሰው ኃይሏ (ጠያቂ)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ነገ ምሳ ሰዓት ላይ የመሥሪያ ቤታችን የንባብ ቡድን ይሰበሰባል። መጽሐፉን ያነበበ ሰው የለም። አንዷ ብቻ መግቢያውን ጨርሳለች። አለቃችን "ነገም እንዲህ ከሆነ አዳራሹን ለሥራ ስብሰባ እወስደዋለሁ፤ የመጽሐፍ መግዣውም ይቀራል" ብሏል።
እኔ የምፈልገው ሰዎቹ ከሥራቸው ውጭ ያለውንም እንዲያነቡ ነው። ታሪክ፣ ጤና፣ ሳይንስ፣ ኢኮኖሚ፣ የተገኘውን ሁሉ። የማገኘው መልስ ግን "ጊዜ የለኝም" ነው። ውሸታቸውን አይደለም። ግማሾቹ ገና ሳይነጋ ነው ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆሙት። ነገ ምን ልበላቸው?

ታዛቢው
ስልካቸውን ሰብስቢ። ያኔ ጊዜ ይገኛል።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ ዛሬ የጠፋው ጊዜ ሳይሆን ፍላጎት ነው። በእኛ ዘመን መጽሐፍ በኪራይ ነበር የምናነበው። ሳንቲም ከፍለን ወስደን፣ ለሌላ ሰው ቀጠሮ ስለተያዘ ሌሊቱን በኩራዝ ጨርሰን እንመልስ ነበር። የመግዣ አቅም ያልነበረው ደግሞ ሬዲዮ ነበረው። ወጋየሁ ንጋቱ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ሲተርክ ሰፈሩ በሙሉ ሬዲዮ ያለበት ቤት ይሰበሰብ ነበር። ማንበብ የማይችሉ እናቶች በዛብህንና ሰብለን እንደ ጎረቤት ልጅ ያውቋቸው ነበር። የዛሬ ሰው ዲግሪ ይዞ መግቢያ ላይ ይቀራል። ይህ ያሳስበኛል።

ከሳሪስ
ጋሼ የሚሉት ልክ ነው። ግን እህታችን የጠየቀችው ስለ ነገ ነው። እህት፣ ስንት ሰው ናችሁ? መጽሐፉ ምንድን ነው? ስንት ገጽ ነው? ማን መረጠው?

የሰው ኃይሏ (ጠያቂ)
18 ነን። የትራንዚትና የጭነት ድርጅት ነው። ሒሳብ ክፍል፣ የጉምሩክ ጉዳይ የሚያስፈጽሙ ትራንዚተሮች፣ ሾፌሮች፣ ሁለት የጽዳት ሠራተኞች፣ አንዲት የክሊኒክ ነርስ። መጽሐፉ ስለ ስኬት ነው፣ የተተረጎመ፣ 540 ገጽ። የመረጠው አለቃችን ነው።

ልጅ ያሬድ ሰፈር
540 ገጽ ስለ ስኬት? ጨርሶ የተገኘ ሰው ካለ እሱ ራሱ ተሳክቶለታል። 😂

የኦዲት ሰው
እኔ በሐሳቡ ራሱ አልስማማም። ሥራ የበዛበት ሰው ያለችውን ትንሽ ጊዜ ለምን ይበትናል? የሒሳብ ሰው ሒሳቡን ጠለቅ አድርጎ ያንብብ። አዲስ የታክስ መመሪያ በየጊዜው ይወጣል፤ እሱን እንኳ ማን አንብቦ ጨረሰ? ከሁሉም ትንሽ ትንሽ የቀመሰ ሰው በየትኛውም ላይ አይታመንም። አዋቂን ሰው ደግሞ በስብሰባ ማስነበብ አይቻልም። ቡድኑ ቢፈርስ ምንም አይጎድልም።

የሰው ኃይሏ (ጠያቂ)
ወንድሜ፣ ይህን ያህል የምጨነቅበትን ምክንያት ልንገርህ። አንድ የሥራ ባልደረባችን ቲክቶክ ላይ ያየውን አምኖ የደም ግፊት መድኃኒቱን አቆመ። ምሳ ላይ ሲነግረን ብዙዎቻችን "እውነት ነው እንዴ?" ብለን አደነቅን። ሁላችንም በሙያችን ጎበዞች ነን። ነርሷ ያን ቀን ፈቃድ ላይ ነበረች፤ ከቀረነው ውስጥ "ቆይ፣ ይሄ ነገር ልክ አይመስለኝም" የሚል አንድ ሰው አልተገኘም። ኋላ ሆስፒታል ገባ። አሁን ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የታክስ መመሪያውን ማንበብ አለብን፣ አልክድም። እሱ ብቻ ግን አይበቃንም።

የኦዲት ሰው
ይህን አላወቅሁም ነበር። እግዜር ይማረው። ጥልቀት ይቅደም የሚለውን ግን አሁንም አልለቅም።

መደርደሪያ
የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነኝ። ችግሩ ከሰዎቹ አይመስለኝም። ለ18 ሰው አንድ መጽሐፍ መሰጠቱ ነው። ሾፌሩና ነርሷ የሚያጓጓቸው ነገር አንድ አይደለም።
እኛ ጋ መጻሕፍት የሚደረደሩት በዲዊ አመዳደብ ነው። ዕውቀትን በሙሉ 10 ቦታ ይከፍለዋል። 000 አጠቃላይ ነገር ነው። 100 ፍልስፍናና ሥነ ልቦና፣ 200 ሃይማኖት፣ 300 ማኅበራዊ ጉዳይ ነው፣ ሕግና ኢኮኖሚ እዚህ ይገባሉ። 400 ቋንቋ፣ 500 ሳይንስ፣ 600 ሕክምና፣ እርሻና ቴክኖሎጂ፣ 700 ኪነ ጥበብና ስፖርት፣ 800 ሥነ ጽሑፍ፣ 900 ታሪክና ጂኦግራፊ።
ቁጥሮቹን በብጣሽ ወረቀት ጽፈሽ ዕጣ አስወጪ። አንዳንዱ ቁጥር ለሁለት ሰው ይደርሳል፣ ችግር የለውም። እያንዳንዱ ከደረሰው ክፍል የወደደውን ይምረጥ፤ ቀጭን ይሁን፣ 100 ገጽ ባይሞላም ይሁን። በሚቀጥለው ስብሰባ ለ5 ደቂቃ ይንገራችሁ። ካልወደደው ለምን እንዳልወደደው ይናገር። መጨረስን ግዴታ አታድርጊው። 200 የደረሰው ከየትኛው እምነት እንደሚያነብ ራሱ ይወስን፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ነገሩ እንዳይከር።
መጽሐፍ መግዛት ካልቻላችሁ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፣ 2014 ዓ.ም. ላይ የተከፈተው። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወመዘክርም አለ። አሮጌ መጽሐፍ አዟሪዎችንም ጠይቁ። ርእሱን ሳይሆን "ስለዚህ ጉዳይ ምን አለህ?" ብላችሁ ጠይቋቸው። ብዙዎቹ የያዙትን በደንብ ያውቁታል።

ስደተኛዋ ከኩዌት
የሰው ቤት ነው የምሠራው። የራሴ ጊዜ ማታ ሁሉም ሲተኛ ነው። ስልኬ ላይ ሁለት ሦስት ገጽ አነባለሁ፣ ከዚያ እንቅልፍ ይወስደኛል። ግን ስለ ስኳር በሽታ ካነበብኩ በኋላ እናቴን በስልክ ምን ምን መጠየቅ እንዳለብኝ ገባኝ። ስለ ሥራ ሕግ ካነበብኩ በኋላ ደግሞ ውል ስፈርም ምን ማየት እንዳለብኝ አወቅሁ። ሰዎቹን "ብዙ አንብቡ" አትበያቸው። "ከመተኛታችሁ በፊት ሁለት ገጽ" በያቸው።

ከሳሪስ
ትክክል። በቀን 10 ገጽ እንኳ ቢሆን በዓመት 3,650 ገጽ ነው። 250 ገጽ ያላቸው 14 መጻሕፍት ማለት ነው። 5 ገጽ ቢሆን 7 መጽሐፍ ነው። ለሥራ ሰው ይህ ትንሽ አይደለም።

የጅቡቲ መስመር
ትራንዚተር ነኝ፣ ያደግሁትም ያረጀሁትም በዚሁ ሥራ ነው። የመደርደሪያን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። የመጀመሪያው ዙር ላይ ግን ዕጣ አታውጪ። ቋንቋ ጥናት የደረሰው ሾፌር ተመልሶ አይመጣልሽም። ከሥራቸው ጀምሪ፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ውሰጃቸው። የእኛ ሥራ ደግሞ ያልነካው ነገር የለም።
ለሒሳብና ለጉምሩክ ሰዎች ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን ስጫቸው። የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም የነበረ ሰው ነው። "መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር" የሚለው ሥራው እሱ ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። ጥሬ ዕቃ እየሸጠ በእጅ ጥበብና በማሽን የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ለምን ደሃ ሆኖ እንደሚቀር ያስረዳል። ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ቅጽ) ሲሞላ የሚውል ሰው ይህን አንብቦ ዝም ብሎ አያልፈውም። አማርኛው የድሮ ነው፣ ግን ይገባል። ድሬዳዋ ራሷ እኮ የባቡር ልጅ ናት፤ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ባይደርስ ኖሮ ከተማዋ እዚያ ቦታ አትኖርም ነበር።
የቁም ከብት ጭነት የሚከታተል ካለ ስለ ክፉ ቀን ያንብብ፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ስለነበረው ረሃብ። በምፅዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው። በሬ ከሌለ የሚያርስ የለም። ድርቁና አንበጣው ተጨመረበት። ሕዝብ አለቀ። ወደብ ላይ የእንስሳት የጤና ማረጋገጫ ለምን እንደሚጠየቅ በአንድ ታሪክ ይገባዋል። ከዚያ በኋላ የሚወስደው መንገድ ብዙ ነው፦ የእንስሳት ሕክምና፣ ታሪክ፣ የአየር ንብረት።
ሾፌሮቹን ደግሞ እኔ አውቃቸዋለሁ። ሚሌ ላይ ሻይ ይጠጣሉ። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችበት ሐዳር ከዚያ ብዙ አይርቅም። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የሚነዱበት የአፋር መሬት ራሱ የምድር ቅርፊት ሦስት ቦታ እየተለያየ ያለበት ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ በቀናት ውስጥ ተከፈተ። በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሰው ይህን ሲሰማ ለረዳቱ ሳይነግረው አያድርም።

ነርስ ነኝ እኔም
ለጽዳት ሠራተኞቹና ለነርሷ እኔ ልጨምር። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እናቃጥላለን፣ ኅዳር ሲታጠን እንላለን። ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። ያ በሽታ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ቀባሪ እስኪጠፋ ድረስ ሰው ሞቷል። ከዚህ ተነስተሽ ስለ ክትባት፣ ስለ ቫይረስ፣ ስለ ከተማ ጽዳት ማስነበብ ትችያለሽ። የግፊት መድኃኒቱን ያቆመው ሰውዬ ቢመጣም እሱ ራሱ እንዲናገር ጠይቂው፣ ፈቃደኛ ከሆነ ብቻ።

ታዛቢው
አሁንም እላለሁ፣ ስልኩ ካልተሰበሰበ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው።

ከቨርጂኒያ
ስልኩ ውስጥ እኮ ነው መጽሐፉ ያለው ወንድሜ። እኔ ቀኑን ሙሉ መኪና እነዳለሁ። የሰፈሬ ቤተ መጻሕፍት ካርድ አውጥቼ ሊቢ በሚባለው አፕ በነፃ የድምፅ መጽሐፍ እዋሳለሁ። አገር ቤት ላሉት ደግሞ ቴሌግራም ላይ የሁሉም መጽሐፍ ፒዲኤፍ አለ፣ አውርደሽ ላኪላቸው።

መደርደሪያ
ይህን አታድርጊ እህቴ፣ እለምንሻለሁ። በሕይወት ያለ ደራሲ መጽሐፉ በወጣ በሳምንቱ በፒዲኤፍ ሲበተንበት ሁለተኛ የሚጽፍበት አቅም አይኖረውም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት ዕድሜውን ሙሉ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። ገብረ ሕይወት ግን በ1911 ዓ.ም. ነው ያረፈው፤ የእሱን ጽሑፍ አባዝተሽ ብታድዪ ማንንም አትጎጂም።

ከቨርጂኒያ
ተቀብያለሁ። የደራሲውን ነገር አላሰብኩበትም ነበር።

የሰው ኃይሏ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ግን ሁለት ነገር ጨንቆኛል። አንደኛ፣ ነገ ምንም ያነበበ ሰው ስለሌለ ያቺን አንድ ሰዓት በምን ልሙላት? ሁለተኛ፣ የአለቃዬን መጽሐፍ "ይቅር" ብዬ እንዴት እናገራለሁ?

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ ቅድም ስለ ሬዲዮው የነገርኩሽ ለዚህ ነው። ነገ ማንንም "አንብበሃል?" ብለሽ አትጠይቂ። የደከመን ሰው አታሳፍሪ። አንቺ ራስሽ ሁለት ገጽ ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው። ያ የጅቡቲ መስመር ሰው ከጠቀሰው ጀምሪ፣ ስለ ክፉ ቀን ወይም ከገብረ ሕይወት አንድ ቁራጭ። ቀስ ብለሽ አንብቢ። ማታ ቤትሽ አንድ ጊዜ ተለማመጂው። ሲያልቅ "እስቲ ይህን የሚመስል ነገር በሥራችሁ ገጥሟችኋል?" በያቸው። ወሬው ራሱ ሰዓቱን ይሞላዋል። 40 ዓመት ክፍል ውስጥ ቆሜያለሁ። ድምፅ ሰምቶ የማይነቃ ተማሪ ብዙ አላየሁም።

የኦዲት ሰው
ስለ አለቃሽ እኔ ልንገርሽ፣ አለቆችን አውቃለሁ። መጽሐፉን አትንቀፊ። "የእርስዎ መጽሐፍ ከ18ቱ አንዱ ይሁን፤ እርስዎ ራስዎ 5 ደቂቃ ይንገሩን" በይው። ደስ ብሎት ይቀበላል። አዳራሹንም አይወስድም፣ ምክንያቱም ተናጋሪ ሆኗል። እና የሒሳብ ክፍሉ ሰዎች ገብረ ሕይወትን ካነበቡ ምን እንዳሉ ንገሪኝ። እኔም ልፈልገው ነው።

የሰው ኃይሏ (ጠያቂ)
እሺ። ሁለት ገጽ አዘጋጅቻለሁ፣ አሁን ለእህቴ እያነበብኩላት ነው። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ነገ ማታ እጽፍላችኋለሁ።

ከሳሪስ
በርቺ! እንጠብቃለን።

የጅቡቲ መስመር
አንድ ነገር ረስቼ። ሾፌሮቹ ነገ መንገድ ላይ ናቸው እንጂ አዳራሽ አይመጡም። ስታነቢ በስልክሽ ቅጂውና በድምፅ መልእክት ላኪላቸው። አዋሽ ላይ ኔትወርክ አለ፤ ከዚያ በታች ይቆራረጣል፣ ስለዚህ ከ8 ሰዓት በፊት ይድረሳቸው። እየነዱ ስልክ እንዳይነካኩ ደግሞ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ሲቆሙ ያዳምጡት።