ተራ የሆነ አሮጌ መኪና በክላሲክ መኪና መድን ሊሸፈን ይችላል?

ጥያቄ፤ ከባለኮሮላው

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ1988 የተሠራች ባለ አራት በር ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ። ሞተሯ፣ ካምቢዮዋና ወንበሮቿ ከፋብሪካ የወጡት ናቸው፤ በቀኝ በኩል ያሉት ሁለት በሮች ግን እንደገና ቀለም ተቀብተዋል። አሁን ያለኝ መድን ሙሉ ሽፋን ቢባልም ግምቷ በየዓመቱ በእርጅና እየተቀነሰ ስለሆነ፣ ብትሰረቅ ወይም ብትቃጠል የሚከፈለኝ ካሳ ለቀለም ካወጣሁት እንኳ ያንሳል። ለክላሲክ መኪኖች ተብሎ የሚሸጠው መድን አረቦኑ (ለመድኑ የሚከፈለው ገንዘብ) ዝቅተኛ፣ የካሳው መጠንም አስቀድሞ የታወቀ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ይሁንና የእኔዋ መንገደኛ ዞሮ የሚያያት ዓይነት መኪና አይደለችም፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀንም ወደ ሥራ እሄድባታለሁ። እንዲህ ያለችውን መኪና ዕድሜዋ ብቻ ያበቃታል?

መልስ፤ ከነባር አሽከርካሪ

ዕድሜ ብቻውን አያበቃትም። በምሕጻሩ ፊቫ የሚባለው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን አንድን ተሽከርካሪ ታሪካዊ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ የቀድሞ ይዘቱ ተጠብቆ የቆየ እና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማያገለግል ሲሆን ነው። የመድን ኩባንያዎች ግን በዚህ ትርጓሜ አይገደዱም፤ አንዳንዱ 15፣ ሌላው 20 ወይም 25 ዓመት ይበቃኛል ይላል። የመንግሥት ደንብ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። በጀርመን ለታሪካዊ መኪና የሚሰጠው ሰሌዳ 30 ዓመት ይጠይቃል፤ በብሪታንያ ከተሽከርካሪ ግብር ነጻ ለመሆን 40 ዓመት ያስፈልጋል። ስለዚህ በአንዱ ዘንድ ያለፈች መኪና በሌላው ልትወድቅ ትችላለች።

መልስ፤ ከመድን ሠራተኛዋ

ከላይ የተሰጠው መልስ ትክክል ነው። ሆኖም እኔ እንዳየሁት ማመልከቻ ውድቅ የሚደረገው በአብዛኛው በዕድሜ ወይም በሞዴል ሳይሆን በአጠቃቀም ምክንያት ነው። የክላሲክ መኪና አረቦን ዝቅ ያለው ኩባንያው ለባለ አሮጌ መኪና አዝኖ አይደለም፤ መኪናዋ በዓመት ጥቂት እንደምትነዳ፣ ሌሊት ተቆልፎ በሚዘጋ ቤት እንደምታድር፣ ባለቤቷም ለየዕለቱ ጉዞ ሌላ መኪና እንዳለው ታሳቢ ተደርጎ ስለተሰላ ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ስሌቱ ይፈርሳል። ብዙዎቹ ውሎች በዓመት የሚነዳውን ኪሎ ሜትር የሚገድቡት፣ ወደ ሥራ መመላለስን በግልጽ የሚከለክሉት፣ ከ25 ዓመት በታች የሆነ አሽከርካሪንም የማይቀበሉት ወይም ተጨማሪ የሚያስከፍሉት በዚህ ምክንያት ነው። በመሆኑም የእርስዎ እንቅፋት የመኪናዋ ኮሮላነት ሳይሆን እነዚያ የሥራ ቀናት ናቸው።

ካሳውን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በስምምነት ዋጋ የተገባ ውል ከሆነ፣ መኪናዋ ሙሉ በሙሉ ስትወድም ወይም ተሰርቃ ስትቀር እርስዎና ኩባንያው ስትፈራረሙ የተቀበላችሁት መጠን፣ ተቀናሽ (ከጉዳቱ እርስዎ ራስዎ የሚሸከሙት ድርሻ) ካለ እሱ ብቻ ተነሥቶለት ይከፈላል። ከዚህ ጋር የሚምታታው ግን ባለንብረቱ ያስመዘገበው ዋጋ የሚባለው ነው። በዚህኛው ጊዜ እርስዎ የፈለጉትን መጠን ያስመዘግባሉ፣ አረቦኑንም በዚያው ልክ ይከፍላሉ፤ ጉዳት ሲደርስ ግን ኩባንያው ካስመዘገቡት ዋጋና ከዕለቱ የገበያ ዋጋ ያነሰውን ሊከፍልዎት ይችላል። ሁለቱም በማስታወቂያ ላይ አንድ ይመስላሉ፤ ልዩነቱ የሚገኘው ስለ ካሳ አከፋፈል በሚናገረው አንቀጽ ውስጥ ነው።

መልስ፤ ከአሮጌ መኪና ወዳጅ

ተራ መሆኗ አያሳፍራትም። ቮልስዋገን ቢትል ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል፤ ከሱ ይበልጥ ተራ የሆነ መኪና በዘመኑ ማግኘት ይከብድ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1990 የተመረተው ሲትሮን ሁለት ሴ ቬም የተሠራው ለገበሬ ነበር። ዛሬ ሁለቱም ያለ ክርክር ክላሲክ ተብለው መድን ይገባላቸዋል። ተራ መኪና ማንም ሳያስቀምጠው ተነድቶ፣ ተበልቶና ተቆራርጦ ስለሚያልቅ፣ በንጽሕና የተረፈው ጥቂት ይሆናል። በእኔ አስተያየት በደንብ የተያዘች ባለ አራት በር ኮሮላ፣ ዝገት ከበላው ውድ የስፖርት መኪና ይልቅ ለዚህ ሽፋን ትቀርባለች።

ባለኮሮላው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ለእሑድና ለበዓል ብቻ ነው የምነዳት ብዬ ባመለክትና አልፎ አልፎ ወደ ሥራ ብሄድባት ምን ይገጥመኛል?

መድን ሠራተኛዋ

እባክዎን ይህን አያድርጉ። በሥራ ቀን ማለዳ ከመሥሪያ ቤትዎ በር አጠገብ ግጭት ቢደርስ፣ የጉዳት መርማሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው ከየት ወዴት ይጓዙ እንደነበር ነው፤ ቀጥሎም ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን በማመልከቻው ላይ ከሞሉት ቁጥር ጋር ያስተያያል። ሐሰተኛ መግለጫ መስጠትዎ ከተረጋገጠ ካሳ መከልከል ብቻ ሳይሆን ውሉም ሊፈርስ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ኩባንያ ዘንድ ሲሄዱ ውል ፈርሶብዎት ያውቅ እንደሆነ ይጠየቃሉ።

መልስ፤ ከጋራዥ ባለሙያ

ሁለተኛ መኪና አግኝተው ለማመልከት ከወሰኑ፣ የመኪናዋን ዋጋ የሚተምነው ገማች ከመምጣቱ በፊት እርስዎ ይቅደሙት። ትንሽ ማግኔት በቀጭን ጨርቅ ጠቅልለው በሮቹን፣ የጎማ ሽፋኖቹንና ከበሮቹ በታች ያለውን ጠርዝ ይዳስሱ፤ ማግኔቱ የማይዝበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ በብዛት ተሞልቷል ማለት ነው። የተቀቡት በሮች ከፋብሪካው ቀለም ጋር ከገጠሙና ከሥራቸው ቆርቆሮው ጤነኛ ከሆነ ችግር አይሆኑም፤ ይሁንና እንደገና መቀባታቸውን ራስዎ ያሳውቁ። ፎቶ ሲያነሡ አራቱን ጎን፣ የውስጡን ክፍል፣ ኮፈኑ ተከፍቶ ሞተሩን፣ የሻንሲ ቁጥሩን እና ኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ያንሡ። የመለዋወጫና የእጅ ዋጋ ደረሰኞችን በየዓመተ ምሕረታቸው ያስቀምጡ፤ በዋጋው ላይ ስትነጋገሩ ከእርስዎ ንግግር ይልቅ የሚታመነው እሱ ነው። ዝገትና የሞተር እርጅና ግን በተለመደው የመኪና መድን አይካሱም።

ባለኮሮላው

ሁለተኛ መኪና ለጊዜው አልገዛም። እስከዚያው ያለኝን ውል ልተወው?

መድን ሠራተኛዋ

አይተዉት። ይልቁንም አሁን ያሉበትን ኩባንያ፣ በተለመደው ውል ላይ የስምምነት ዋጋ በተጨማሪ ክፍያ ይቀበል እንደሆነ ይጠይቁት፤ የሚቀበሉ አሉ፣ ከገማች የተጻፈ ዋጋ ግን ይፈልጋሉ። ከጠየቁ አይቀር፣ መኪናዋ ከጥገና በላይ ናት ቢባል ቅሪቷን መልሰው የመግዛት መብት ይኖርዎት እንደሆነም ይጨምሩበት። ወደፊት ወደ ክላሲኩ ሲዛወሩ ደግሞ ያለ አደጋ በማሽከርከርዎ ያገኙት ቅናሽ አብሮዎት ይዛወር ወይም ይቅር እንደሆነ አስቀድመው በጽሑፍ ያስመልሱ፤ በብዙ ኩባንያ ዘንድ በክላሲክ ውል ላይ እንዲህ ያለ ቅናሽ አይጠራቀምም።