ከመኪና አደጋ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ፤ ብቻዬን ልወጣው እችላለሁ?

ጠያቂ፦ ከፋሲካ በፊት ከደብረ ማርቆስ ስመለስ አባይ በረሃ ላይ ፍሬን የበጠሰ የጭነት መኪና ገጨን። እኔ በጭረት ተረፍኩ፤ አጠገቤ የነበሩት እናት አረፉ። ቁስሉ ከዳነ ቆየ። ሌሊት ግን እየጮህኩ እባንናለሁ፣ ክላክስ ስሰማ ልቤ ይደልቃል፣ ታክሲ ስለማልደፍር ሥራ የምሄደው በእግሬ ነው። ልጆቼን በትንሽ ነገር እቆጣለሁ። መስኮቱ ጋ የተቀመጥኩት እኔ ብሆን ኖሮ እያልኩ እብሰለሰላለሁ። ቤተሰብ «ድንጋጤ ነው፣ ይለቅሃል» ይላል። ሰው ሳይሰማ ራሴን የማስታምምበት መንገድ አለ?

የአእምሮ ጤና ነርስ፦ እንኳን ተረፍክ ወንድሜ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲህ መሆን ያለ ነው፤ ብዙው ሰው ቀስ በቀስ ይረጋጋል። ከወር በላይ ቆይቶ ሥራና ቤት ሲነካ ግን ፒቲኤስዲን (ከአስደንጋጭ አደጋ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም) እንጠረጥራለን። አደጋው በቅዠትና በሐሳብ ይመላለሳል፣ ሰውየው የሚያስታውሰውን ሁሉ ይሸሻል፣ ሰውነቱ እንደተደናገጠ ይቆያል፣ ስለ ራሱ ያለው ሐሳብ ይጨልማል። ያ የመስኮቱ ጸጸት ከመጨረሻው ይመደባል። ከጻፍከው አራቱንም አያለሁ፣ ግን በጽሑፍ ብቻ በሽታ አይለይም።

ስትባንን መብራት አብራ፣ እግርህን ወለሉ ላይ አሳርፍ፣ ቀኑንና ያለህበትን ቦታ ድምፅ አውጥተህ ተናገር። የምታያቸውን አምስት ነገሮች ጥራ። እስከ 4 እየቆጠርክ አየር አስገባ፣ እስከ 6 እየቆጠርክ አስወጣ። ይህ ሌሊቱን ያሻግርሃል እንጂ አያድንህም።

ሾፌር ነኝ፦ እኔም ተገልብጬ ነበር። ታክሲ በሸሸህ ቁጥር ፍርሃቱ ይፋፋል። መጀመሪያ የቆመ የጎረቤት መኪና ውስጥ ተቀመጥ፣ ሞተሩ ሳይነሳ። ፍርሃቱ ሲመጣ ዘለህ አትውረድ፣ እስኪበርድልህ ጠብቅ። ሲቀልህ ከምታምነው ሰው ጋር አንድ ፌርማታ ሂድ። አባይ በረሃን ለጊዜው ተወው፣ ማን አስቸኮለህ? ጫትና አረቄም ይቅርብህ፤ እኔን ቶሎ እንዳልድን ያቆየኝ እሱ ነው።

እናት፦ ባሌ እንዳንተ ሆኖ ነበር። የሚጠይቀው ሰው ሁሉ «እስቲ እንዴት ሆነ?» እያለ ያስተርከዋል፣ እሱ ያን ሌሊት አይተኛም። በኋላ እንግዳውን እኔው «ዛሬ ሌላ እናውራ» ማለት ጀመርኩ። ሰው ሳይሰማ ያልከው ግን አልተዋጠልኝም። ሚስትህ ስትጮህ እየሰማች አይደል?

ነርሷ፦ ልክ ነሽ እህቴ። ሳይፈልግ ማስተረክ አይጠቅምም።

ሌላ አባል፦ ጸበል ግባ ወንድሜ፣ ሌላው ትርፍ ነው።

ጠያቂ፦ ጸበሉን ጀምሬያለሁ። ለባለቤቴም ዛሬ ማታ እነግራታለሁ። ጓደኛዬ የሰጠኝ ዳያዜፓም የሚባል ማረጋጊያ ክኒን አለ፣ ልዋጠው?

ነርሷ፦ አትዋጠው። ሱስ ያስይዛል፣ ለዚህ ሕመምም አይመከርም። ጸበሉን ቀጥል፣ ሐኪምም ይይህ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ወደ አማኑኤል ወይም በአቅራቢያህ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ሂድ። ዋናው ሕክምና ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር አደጋውን በዝግታ እየተነጋገሩ ማለፍ ነው፤ ያ እንግዳ ሳይፈልጉ ከሚያስተርከው ጋር አንድ አይደለም። እንደ ሰርትራሊን ያለ መድኃኒት ከታዘዘልህ ለውጡ ሳምንታት ይፈልጋል፣ ሐኪሙን ሳትጠይቅ አታቋርጥ። «ምነው እኔ በሞትኩ» የሚለው ሐሳብ ራስህን ወደ መጉዳት ካዘነበለ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ባለቤትህን ይዘህ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ግባ።