የአስተርጓሚ ወጪ ማን ይሸፍናል?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው። እህቴ መስማት የተሳናት ናት። ልብስ ስፌት ሰልጥና የሙያ ብቃት ምዘናውንም (ሲኦሲ) አልፋለች። እጇ ይባረክ፣ ኮሌታ ስትገጥም መጋጠሚያው እንኳ አይታይም! አዲስ አበባ ያለ አንድ ፋብሪካ አሰፍቶ አይቷት ወዷታል። ግን "ለመጀመሪያዎቹ ወራት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ያስፈልጋታል፣ ወጪውን አንችልም" አሉን።

ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የሥራ ሁኔታውን እንዲያመቻች ግዴታ ይጥልበታል። ክስ ውስጥ ብንገባ ግን ሥራው እንዳያመልጣት ፈራሁ። ወረዳው ወደ ክፍለ ከተማ፣ ክፍለ ከተማው ወደ ቢሮ ይልከኛል።

ለአስተርጓሚ የሚሆን የመንግሥት ድጎማ ያገኘ ሰው አለ? የሚያመለክተው አሠሪው ነው ወይስ ራሷ? የትኛው ቢሮ፣ ምን ማስረጃ ይዤ ልሂድ? ፋብሪካው የሚጠብቀን እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው። እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።