የፐርሲ ጃክሰን ሁለተኛ ዙር፦ አንደኛው መጽሐፍ ሳይገኝ ከሁለተኛው መጀመር ይቻላል?

ጥያቄ (ከደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዘጠነኛ ክፍል የጨረሰች ታናሽ እህት አለችኝ። የሪክ ሪዮርዳንን አምስቱን የፐርሲ ጃክሰን መጻሕፍት (እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2009 የታተሙትን፣ ከግሪክ አማልክት ስለተወለዱ የዛሬ ዘመን ልጆች የሚተርኩትን) እየተዋሰች አንብባ ጨርሳለች። መጀመሪያ ላይ እንግሊዝኛው ከብዷት መዝገበ ቃላት ከእጇ አይለይም ነበር፤ አምስተኛው ላይ ስትደርስ ግን ራት የምትበላው በልመና ሆነ። አሁን ፐርሲና ጓደኛው አናቤት አለቁብኝ ብላ አኩርፋለች። የአጎታችን ልጅ ከአዲስ አበባ ሲመጣ «የኦሊምፐስ ጀግኖች» ከሚባለው ከሁለተኛው ዙር ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መጽሐፍ አመጣላት። አንደኛው የለም። ፒያሳ ያሉትን መጽሐፍ ሻጮች ጠይቄ አጣሁት። ክረምቱ ገብቷል፣ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ከቤት አያስወጣም፤ እሷም «ፐርሲ ያለው ሁለተኛው ላይ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር» እያለች ትነዘንዘኛለች። ታሪኩ አይምታታባትም? እናታችን ደግሞ «የጣዖት መጽሐፍ ነው» ብላ ጠምዳዋለች፤ ለእሱም መላ ያላችሁ ንገሩኝ።

መልስ (እንግሊዝኛ መምህር፣ ከኮምቦልቻ)

እህት ዓለም፣ እንዳትፈቅጂላት። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው አንደኛው መጽሐፍ «የጠፋው ጀግና» ይባላል። ፐርሲ የለበትም፤ ልጆች ሊዘሉት የሚፈልጉትም ለዚህ ነው። ግን የመጽሐፉ ጉልበት ያለው በዚሁ በመጥፋቱ ላይ ነው። አናቤት ትፈልገዋለች፣ አንባቢውም አብሯት ይፈልጋል። በእሱ ፋንታ ጄሰን የሚባል ልጅ ትምህርት ቤት አውቶቡስ ውስጥ ይነቃል፤ ማን እንደሆነ አያውቅም፣ የማያውቃት ልጅ እጅ ደግሞ በእጁ ውስጥ ነው። ፐርሲ የት እንደገባ ፍንጩ የሚገለጠው መጨረሻ ላይ ነው። እህትሽ ሁለተኛውን ከከፈተች ገና በመጀመሪያው ገጽ ፐርሲን ታገኘዋለች፤ ከዚያ በኋላ አንደኛውን ብታነብ ምን ልትጠብቅ?

መልስ (ከወልድያ)

መምህር፣ ይቅርታዎን፤ መጽሐፍ እጇ ላይ እያለ ክረምቱን ሙሉ ትጠብቅ ማለት ግፍ ነው። ሁለተኛው፣ «የኔፕቲዩን ልጅ»፣ ራሱን ችሎ ይነበባል። ፐርሲ ትዝታው ተሰርዞ ከአናቤት ስም በቀር የሚያስታውሰው ነገር የለውም፤ ቦታውም ሰዎቹም አዲስ ናቸው። እሱ የማያውቀውን እሷም ባታውቅ ምን ይጎዳታል?

ችግሩ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። «የአቴና ምልክት» የሁለቱን መጻሕፍት ልጆች አንድ መርከብ ላይ ይሰበስባቸዋል። የአንደኛውን መጽሐፍ ልጆች፣ ጄሰንን፣ ፓይፐርንና ሊዮን፣ ሳያውቁ እዚያ መግባት ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሟቹ ማን እንደሆነ እንደ መጠየቅ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ስጫት፣ ሦስተኛውን ቆልፊበት።

አንድ ነገር ግን አስቀድመሽ ንገሪያት። የመጀመሪያውን ዙር የሚተርከው ፐርሲ ራሱ ነው፤ ያ ሁሉ ቀልድ የእሱ አንደበት ነው። በሁለተኛው ዙር ግን ታሪኩ «እኔ» በሚል ሰው አይነገርም፣ ምዕራፎቹም ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ። «ይህ የእኛ ፐርሲ አይደለም» ብሎ መጽሐፉን መወርወር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ትንሽ ትታገሥ። ሄዘልና ፍራንክ የሚባሉት አዲሶቹ ልጆች ፐርሲን እንዴት በመገረም እንደሚያዩት ስታነብ፣ እሱ ስለ ራሱ ጨርሶ ያልነገራትን ታውቃለች። ለእኔ ከመጀመሪያው ዙር የሚበልጥብኝ በዚህ ነው።

መልስ (ከሐይቅ)

አራተኛው እጇ ሳይገባ ሦስተኛውን እንዳትነካ! አጨራረሱን አልናገርም፤ ግን እንቅልፍ የለም። አራተኛው የታተመው ከዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር፣ ያኔ የጠበቀ ሰው ያውቀዋል።

መልስ (የሦስት ልጆች አባት፣ ከደሴ)

እኔ ስለ እናትሽ ልመልስ። መጽሐፉ አምልኩ አይልም። እንዲያውም አማልክቱን ልጅ ወልደው ዞር ብለው የማያዩ አባቶች አድርጎ ነው የሚያቀርባቸው፤ የልጆቹ ቅሬታም ይኸው ነው። ጸሐፊው ታሪኩን የጀመረው ማንበብ ለሚቸገር ልጁ ማታ ማታ ሲነግረው ነው፤ ፐርሲንም ማንበብ የሚከብደው ልጅ አድርጎ የፈጠረው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። የፐርሲ ሙሉ ስም ፐርሲየስ ነው። በጥንቱ የግሪክ ተረት ፐርሲየስ ከባሕር አውሬ አድኖ ያገባት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። (የግሪኮቹ «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በታች ያለውን ሰፊ አገር ሁሉ ይጨምራል፤ እሱን ለልጅቷ አስረጃት።) ለእናትሽ ግን ቡና ሲፈላ «አማቻችን ነው» በያት።

ጠያቂዋ

እግዜር ይስጥልኝ። አማችነቱን ነግሬ እናቴ «ታዲያ ሽማግሌ የላከው ለማን ነው?» አለች፤ ከዚያ ወዲህ ዝም ብላለች። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሁለተኛው ዙር ካለቀ በኋላስ ፐርሲ አለ?

መልስ (ከወልድያ)

አለ፣ ግን እንደ እንግዳ። ሦስተኛውን ዙር (እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020) የሚተርከው አምላክነቱን ተገፍፎ ጎረምሳ የሆነው አፖሎ ነው፤ ፐርሲ ብቅ ብሎ ይጠፋል። የዚህ ዙር ሦስተኛው መጽሐፍ ላይ የምትወደው ሰው ይሞታል፤ ማን እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ መሐረብ ብቻ አዘጋጂላት። ፐርሲን ብቻ ከሆነ የምትፈልገው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው «የአማልክት ጽዋ» ላይ እንደ ድሮው ራሱ ይተርካል። ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከአማልክት የድጋፍ ደብዳቤ ይለምናል! የሁለቱን ዙሮች አስሩን መጻሕፍት ሳትጨርስ ግን አትክፈተው።

መልስ (መምህሩ፣ ከኮምቦልቻ)

አንደኛው እኔ ዘንድ አለ። ቅዳሜ ወደ ደሴ ስለምወጣ አመጣዋለሁ፤ ፒያሳ እንገናኝ። እስከዚያ ሁለተኛውን ደብቂባት። አራተኛውን ግን የሐይቁን ሰው ጠይቁ።