ለአርቲኤክስ 5070 ቲአይ 650 ዋት ጎልድ ወይስ 750 ዋት ብሮንዝ ፓወር ሰፕላይ?

ጀማሪ ገጣጣሚ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለጌም የሚሆን አዲስ ኮምፒውተር እየገጣጠምኩ ነው፤ ራይዘን 7 9800ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰር፣ አርቲኤክስ 5070 ቲአይ ግራፊክስ ካርድ፣ 32 ጊጋባይት ራም፣ ሁለት ኤስኤስዲ፣ ስድስት ፋን። የቀረኝ ፓወር ሰፕላይ (የግድግዳውን መብራት ለዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው ሣጥን) ብቻ ነው። አንደኛው ምርጫ 650 ዋት ጎልድ ሲሆን ኤቲኤክስ 3 የሚባለው የፓወር ሰፕላይ ዲዛይን ደንብ ከመውጣቱ በፊት የተሠራ ነው። ሁለተኛው 750 ዋት ብሮንዝ፣ ኤቲኤክስ 3.1። ጎልድ ስለሆነ ወደ መጀመሪያው አድልቻለሁ። 1000 ዋት ብገዛስ የመብራት ፍጆታው ይጨምራል? ደግሞ ከሌላ ሞጁላር (ኬብሎቹ የሚነቀሉ) ፓወር ሰፕላይ የተረፉ ኬብሎች አሉኝ፤ ሶኬቱ ውስጥ ልክ ከገቡ ልጠቀምባቸው?

ዋት ቆጣሪ፦
750ውን ውሰድ። ካርዱ 300 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩ 120 ዋት ተብሎ ቢጻፍበትም እስከ 162 ዋት እንዲወስድ ተፈቅዶለታል። ለማዘርቦርድ፣ ለራም፣ ለኤስኤስዲና ለፋን 70 ዋት ብትይዝ ድምሩ 530 ገደማ ይመጣል። ጌም ላይ ካርዱና ፕሮሰሰሩ አንድ ላይ ጣሪያ የሚነኩት አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ በአማካይ ከታየ 650ውም ይችለዋል።

ችግር የሚመጣው ከቅጽበታዊው ጭነት ነው። ካርዱ ከሰከንድ አንድ ሺኛ ላነሰ ጊዜ ከ300 ዋት በጣም አልፎ ይስባል። የድሮው ዲዛይን ይህን እንደ አደጋ ቆጥሮ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል፤ ጌሙ እየሄደ ስክሪኑ ድርግም ይላል፣ ኮምፒውተሩ ይጠፋል ወይም እንደ አዲስ ይነሣል፣ የስህተት መልእክት የሚባል የለም። ከዚያ ሰው ካርዱን ሲወቅስ ይከርማል። ኤቲኤክስ 3 ግን ባለ 16 ፒን የካርድ ኬብል ያለው ፓወር ሰፕላይ የተጻፈበትን ዋት እጥፍ ለ100 ማይክሮሰከንድ እንዲችል ያስገድዳል። የካርዱን ቺፕ የሚሠራው ኤንቪዲያም ለዚህ ካርድ 750 ነው የሚለው።

ጎልድና ብሮንዝ የብክነት ደረጃ እንጂ የጥራት ማኅተም አይደሉም። በ115 ቮልት ሲፈተሹ፣ በግማሽ ጭነት ጎልዱ 90 በመቶ፣ ብሮንዙ 85 በመቶ ማሟላት አለባቸው። ኮምፒውተሩ 400 ዋት ሲፈልግ አንዱ ከግድግዳ 444፣ ሌላው 470 ይስባል ማለት ነው። 26 ዋት ለዚህ ውሳኔ ሚዛን አይደፋም። 1000 ዋት ብትገዛም የሚሳበው ዕቃዎቹ የጠየቁትን ያህል ብቻ ነው፤ ፍጆታህ አይጨምርም፣ ጥቅሙም ያን ያህል ነው።

ቀይና ጥቁር፦
በዋት ቆጣሪ እስማማለሁ፤ ግን ከመክፈልህ በፊት ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሰንጠረዥ አንብብ። 12 ቮልት የሚለው ሥር ያለውን አምፒር በ12 አባዛ። እውነተኛ 750 ዋት 62 አምፒር አካባቢ ይላል። 500 ዋት ተብሎ 12 ቮልቱ 30 አምፒር ብቻ ከሆነ ግን ለካርድና ለፕሮሰሰር የሚተርፈው 360 ዋት ነው፤ ሌላው ብዙም የማይፈለገው የ5 እና የ3.3 ቮልት ድምር ነው።

የተረፉትን ኬብሎች አትንካቸው! በካርዱና በማዘርቦርዱ በኩል ያለው ጫፍ ወጥ ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለውን ግን እያንዳንዱ አምራች እንደፈለገ ነው የሚደረድረው፣ አንዳንዴ የአንዱ ድርጅት ሁለት ሞዴሎች እንኳ ይለያያሉ። ልክ ይገባል፣ ከዚያ 5 ቮልት የሚጠብቀው ዲስክ 12 ቮልት ይደርሰውና ይቃጠላል። የፕሮሰሰሩና የካርዱ ባለ 8 ፒን ኬብሎችም አያሳስቱህ፤ 12 ቮልቱና ግራውንዱ (መመለሻው) ተገለባብጠው ነው ያሉት። 4 እና 4 ሆኖ ለሁለት የሚከፈለው የፕሮሰሰር፣ 6 እና 2 የሚሆነው የካርድ ነው። ማዘርቦርዱ ለፕሮሰሰር መብራት የሚያስገቡ ሁለት ሶኬቶች ካሉት ለዚህ ፕሮሰሰር አንዱ ይበቃል።

ባለ 16 ፒኑን ኬብል ቀጥ አድርገህ፣ ክፍተት እስከማይታይ ድረስ ግፋው። 300 ዋት 12 ቮልት በሚያመጡት ስድስት ፒኖች ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 4 አምፒር ገደማ ነው፤ ሁለቱ በደንብ ካልነኩ የቀሩት አራቱ ከ6 በላይ ይሸከማሉ፣ የላላው ፒን ደግሞ ይግላል፣ ፕላስቲኩ የሚቀልጠው በዚህ ነው። ከሶኬቱ 35 ሚሊሜትር ሳይርቅ አታጥፈው።

ጀማሪ ገጣጣሚ፦
ተመስገኑ፣ 750ው ሆነ። አንድ ነገር ብቻ፦ ርዝመቱ 160 ሚሊሜትር ነው፣ ኬዙ (የኮምፒውተሩ ቀፎ) እስከ 180 ይቀበላል ይላል። ይበቃል?

ቀይና ጥቁር፦
ሞጁላር ከሆነ ይጠባል። 180ው አብዛኛውን ጊዜ የፓወር ሰፕላዩን ሣጥን እንጂ ከኋላው የሚወጡትን ኬብሎች አይቆጥርም፤ 20 ሚሊሜትር ውስጥ ወፍራሙን የማዘርቦርድ ኬብል ማጠፍ አይመችም። ብዙ ጊዜ ቦታውን የሚይዘው የሃርድ ዲስክ መያዣው ነው፤ አንተ ሃርድ ዲስክ ስለሌለህ ፈትተህ አውጣው። ኬብሎቹን ፓወር ሰፕላዩን ከማስገባትህ በፊት ሰካቸው፣ በኋላ እጅ አይገባም። ከሥሩ ማጣሪያ ያለው ቀዳዳ ካለ ፋኑን ወደ ታች አዙረው።